ሰማንያ ሦስት ከመቶ

ካርዱ ሞልቶ ኖሯል፤
«ቦታ የለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጥቷል።
ከዚራ ጥላ ሥር፣ መንገዱ ዳር ቆሜ
የቱን ልሰርዘው? አልኩኝ ደጋግሜ።
የባቡር ጣቢያውን፣ ዝገቱን ልተወው?
ወይስ የቀፊራውን ሎሚ ሻጭ ልፋቀው?
ላፕቶፕ አልያዝኩም፤ ሸክም ፈርቼ ነው፤
ያሥር ቀን መንገዴን ጥፍር በምታክል ካርድ ላይ የጫንኩት እኔው።

ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ ከሽቶ ቤቱ ጎን፣ ጠይቄ ቀርቤ፣
ካርዱን ለፈትሂያ ሰጠኋት፣ እንደረጠበ በላቤ።
«ሁለት ፍላሽ ግዛ» አለችኝ ሳታየኝ፤
«አንድስ?» ስል፣ «አንድ ማለት ምንም ነው» ብላ ቆረጠችኝ።
መገልበጥ ጀመረ። አረንጓዴው መስመር
እንደ ድሮው ባቡር ሲንፏቀቅ፣ ሲያርፍ፣ ደግሞ ሲጀምር፣
ሰማንያ ሦስት ከመቶ ሲል — ድርግም።
መብራት ሄደ። ፋኑ ቆመ። እኔም።

ጨለማው ውስጥ አወራችኝ፣ ድምፅዋ ያለ ትካዜ፤
ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ የገባ ጊዜ
የአባቷ ፎቶ ቤት፣ ኔጌቲቩ ሁሉ፣
የሠላሳ ዓመት ሙሽሮች ከነቬሏቸው በጎርፉ ሄዱ አሉ።
«ሲሰነብት ግን ሰው መጣ፤ አንዷ ከመልካ ጀብዱ፣ አንዱ ከሐረር፣
የየራሱን ቅጂ ይዞ፣ ጠረጴዛው ላይ ሊደረድር።
ስለዚህ አንዱን ኪስህ ያዘው፤ አንዱን ተውልኝ እኔ ጋ፤
ባትመለስም ግድ የለም፤ ለማስቀመጡ አልጠይቅህም ዋጋ።»

መብራት መጣ። መስመሩ ከዜሮ ተነሣ እንደገና፤
ሎሚ ሻጩ ብቅ ሲል «ውይ፣ ይሄ ሰውዬ!» አለች፤ «አለ? ደህና?»

በፕላስተር ላይ ስሜን ጻፈች፣ አንዱን ፊደል ስታ፣
ከመሳቢያዋ ጣለችው፣ ከብዙ ስሞች መሃል፣ አንገቷን ደፍታ።
ባለቤቶቹ የት ናቸው? አልጠየቅኩም።
ካርዱን ባዶ አድርጌ ወጣሁ፤
እስከ ማታ ግን አንድም ፎቶ አላነሣሁም።