አሸዋ ያለው ቅባት

አርባ ዓመት ሙሉ አሸዋ ነው ያጠቡት፣
ከኩሽኔታ ሆድ በቤንዚንና በብሩሽ የፈለቀቁት፤
ደግሞ እንዳይመለስ፣ በሌባ ጣታቸው
ግራሶ ግጥም አርገው የደፈኑት።

ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብላ፣ ዳገቱን የታከከች
በር ብቻ የምትመስል ጠባብ ቤት ነበረች።
ጋሽ ወልደሰንበት ከውስጥ፣
እኔ ደጁ ላይ፣ እጄ እስከ ክርን ባልዲ ውስጥ፣
ከመነዳሪ ነክሬ አረፋ ሳዳምጥ።

በግራሶ የማይፈቱት ነገር አልነበረም፣
የዛገ ብሎን ይሁን የሁለት ጎረቤት ቂም።
"ልስልስ ይበል" ይላሉ፤ ለሻይ ቤቷ ሴትዮ፣ ለደንብ አስከባሪ፣
ለኪራይ ጠያቂ፣ ለዱቤ ቆጣሪ።
እኔም ስድስት ዓመት "እሺ ጋሼ" ነበር ቃሌ፤
መንሸራተት ለምዶብኝ፣ መስማማት ሆኖ አመሌ።

ክሳነት መጣች አንድ ሐሙስ፣ ብስክሌቷን ተሸክማ።
ካርቦን ነው። ጥቁር። ሲያንኳኩት እንደ ደረቀ ቅል የሚያሰማ።
"የኮርቻው ዘንግ ይሰጥማል" አለች፤ "ለገሃር ስነሳ ልኬ ነው፤
ቸርችልን ወጥቼ ማዘጋጃ ስደርስ፣ የታናሽ ወንድሜ ነው።"

ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ሳምንት ዘንጉን የቀባሁት፣
በልማዴ፣ እጅ ሙሉ ግራሶ ያጠጣሁት።
ጋሼ ሰምተው ዝም አሉ። ዝምታቸውም ግራሶ አለው፤
ወቀሳ እንኳ ቢሆን፣ ሳይጭርህ ነው የሚያልፈው።

አልኮል በጥጥ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ጥጥ ነጭ እስኪወጣ።
ከዚያ ክሳነት ከኪሷ ትንሽ ቱቦ፤ ከክለቡ ሣጥን ተለምኖ የመጣ።
ጋሼ በሁለት ጣት መሐል አሹት፤ ፊታቸው ጠቆረ።
"አሸዋ አለበት! ክዳኑ ሳይዘጋ መሬት ወድቆ ነበረ?"

"አሸዋ እንዲኖረው ነው" አለች፤ "እንዲቧጥጥ።
ካልቧጠጠ አይዝም፤ በጉልበት ካሰሩት ደግሞ፣ ካርቦን አይጎብጥ፣
አይጎደጉድ፤ ዝም ብሎ ከርሞ፣ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍርጥ።"

ሽማግሌው ጣታቸውን አዩት።
"ልጄ፣ ዓይኔ የደከመው ይህንን ሳጥብ ነው" አሉ።
ቢሆንም ቀቡት፤ ስስ አድርገው፣
የተላጠ የልጅ ጉልበት እንደሚቀባ ሰው።

ዘንጉ ክርርር እያለ ገባ፤ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ።
ልክ የምታውቀዋን ቁልፍ አምስት ላይ አስተካክዬ አዞርኳት።
ጠቅ።

የጋሼ እጅ ግን አልረካ፤
ብረት ያሳደገው እጅ፣ ሩብ ዙር ካልጨመረ
ያጠበቀ አይመስለው ለካ።
ረጅሙን መፍቻ አነሱ። ጎንበስ አሉ።

እጄ እጃቸው ላይ ነበር። እንዴት እንደደረሰ አላውቅም።
"አይ፣ ጋሼ።"

ስድስት ዓመት ያልተነገረች ቃል፣ ሻካራ፤
ጉሮሮዬን ቧጭራ ወጣች፣
በሁለታችን መሐል ሄዳ ተቀመጠች።

ከደጅ የታክሲ ረዳት "አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ" ይላል።
ክሳነት ጫማዋን ታያለች። እኔ ዓመት የቆየ ይመስለኛል፤
ሦስት ትንፋሽ ቢሆን ነው።
እጃቸው ከእጄ ስር አልሸሸም። እኔም አልለቀቅሁም።

ለገሃር ወረደች። ተመልሳ ወጣች፣ ላብ በላብ።
ዘንጉ ላይ የለጠፍኳት ነጭ ፕላስተር
ካለችበት ንቅንቅ አላለች።

ጋሼ ምንም አላሉም። እጃቸውን በቤንዚን ታጠቡ፤
ከጥፍራቸው ስር የቀረችውን አንዲት ፍሬ
በአውራ ጣታቸው ደጋግመው እየነካኩ፣
በማግስቱም፣ ዓርብ፣ ሲነካኳት አይቻለሁ።

መሸ። ሣጥኑን ስቆልፍ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣
"ለፔዳሉ ጥርስ ግን" አሉ፣
"ግራሶ ነው።"

"እሺ ጋሼ።"