ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት

ጦሳ ጭጋጉን ተከናንቦ፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣
ከማረሚያው በር ቆሜአለሁ፣ መታወቂያዬ እስኪነበብ።
«የማን ነሽ?» አለኝ ዘቡ፣ «የመንግሥት ወይስ የእስረኛ?»
«የማንም» አልኩት፤ «ጡረተኛ።»

ሃያ ስድስት ዓመት ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣
የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ ጣቴ ክር በነካ
የቱ ከጥጥ፣ የቱ ከሱፍ፣ የቱ ካሮጌ እንደተፈተለ
ሳይጠይቅ ያውቃል፤
ለዚህ ይሆናል ኮሚቴው «አንቺም ግቢና እዪ» ያለ።

ግቢው ጸድቷል። እጅግ ጸድቷል። ኖራው ገና አልደረቀም፤
ተደግፌው ካፖርቴ ነጣ፤ ግድግዳ ምሥጢር አይጠብቅም።
ኢንስፔክተር መኳንንት ከፊት፣ ቁልፉን እያቅጨለጨለ፣
«ይኸው ክሊኒክ፣ ይኸው ኩሽና፣ እትዬ ዘይነባ» እያለ፤
እኔ ከኋላ በደብተሬ የመጸዳጃውን በር ስቆጥር
(አራት፤ አንዱ መዝጊያ የለውም)፣
«ለስንት ሰው?» ስለው ሲያስል፣ ስለ መጪው በጀት ሲመሰክር።

ክፍል ሦስት። በሁለት ረድፍ ተነሥተው ቆመዋል።
ካቦው ሙሄ፣ ሒሳብ እንደሚያወራርድ፣ «ሁሉም ሰላም ነው» ይላል።
«ማታስ እንዴት ነው የምትተኙት?»
አንዱ ጣራ አየ፤ አንዱ ጫማዬን፤
የኢንስፔክተሩ ቁልፍ ብቻ መለሰልኝ ጥያቄዬን።

ከዚያ ሽመናው። «ሙያ ይዘው፣ ታርመው ይወጣሉ» አለኝ በኩራት፤
ስምንት ጉድጓድ፣ ስምንት ሰው፣ ለኔ ዓይን የተሰናዳበት።
ድሩ ተወጥሯል፤ መወርወሪያው ግን ማግ አልጎረሰም፤
ባዶውን ግራ ቀኝ ወረወረው ሰውየው፤
ላቡ ግን ውሸት አልነበረም።

እናቴ ጤፍ ስታርም አውቃለሁ፣ ሙሉ ቀን ጎንበስ ብላ፣
ቡቃያው አብሮ እንዳይነቀል፣ አረሙን በጣት ነጥላ።
እዚህ ጎንበስ ያለ አላየሁም።

በመውጫው ላይ ሣጥን አለ፣ «አቤቱታ» የተጻፈበት፤
የዋንዛ ነው፤ እዚያው እንጨት ቤት እስረኞች የጠረቡት።
ቁልፉ አንድ፤ እሱም በአንገቴ፣ ከክታቤ ጎን የታሰረ።
ስከፍተው ወረቀት የለም። ማን ይጽፋል፣ ዘብ እየዞረ?
ከጥጉ ግን እንደ ትል የተጠቀለለ
ክር ነበር። አንድ ክር።
ሁለት ጫፉ የተቋጠረ።
«ቆሻሻ ነው፣ ልጣልልሽ» አለ ኢንስፔክተሩ፤ እጁን ዘረጋ።
ደብተሬን ዘጋሁበት፤ ክሩ ውስጡ ነበር፤ እኔ ጋ።

ማታ ሆጤ፣ ከመብራቱ ሥር፣ በሁለት ጣቴ አሸሁት፤
ሻካራ ነው፤ ከሽመናው አይደለም፤ ወዲያው አወቅሁት።
የብርድ ልብስ ክር ነው። በደሴ ውርጭ፣ በሌሊት፣
ከሚሞቀው ላይ የመዘዘው ሰው
ሁለት ጎኑን ለክቶበት፣ በጥርሱ በጥሶት።
ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ፦ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት።

አልጋዬ ላይ አግድም ዘርግቼ ልተኛበት ሞከርኩ፤
በጀርባዬ አልበቃኝም። በጎኔ ዞርኩ፤
ክንዴን ከጭኔ መሐል ሸጎጥኩ፤ ያኔ ልክ ሆነ።
አምና የተፈታ የጎረቤት ልጅ የነገረኝ፣ ያላመንኩት፣ ያኔ ታመነ፦
ሌሊት ካቦው «ዙር!» ይላል፤
ስድሳ ሰው፣ ባንድ ትንፋሽ፣ ከግራው ወደ ቀኙ ይገለበጣል፤
የተኛም፣ ሕልም ላይ ያለም።

የሪፖርቱ ቅጽ አጭር ነው፦ «ስፋት ለአንድ ታራሚ፣ በሜትር»፤
እኔ የጻፍኩት በስንዝር።
ከቢሮ ደወሉ፣ «በሴንቲ ይሁን፤ ስንዝር ከሰው ሰው ይለያያል» ብለው፤
«ሰውም ከሰው ይለያያል» አልኩ፤ «ኑ፤ ተኙበትና ለኩት እንግዲያው።»
ዝም አሉ። ሴንቲውንም ጻፍኩላቸው፦ ሃምሳ ሁለት።

ክሩን ግን አልሰጠሁም።

በሚመጣው ሐሙስ እመለሳለሁ። ክፍል ሦስት ስገባ፣
ጣቴን አውቀዋለሁ፤ ክር ሲያይ ዝም አይልም፤
እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ።
ብርድ ልብሶቹ በግድግዳው ሥር ተጣጥፈው ይደረደራሉ፤
አንደኛው ጠርዙ ይጎድላል።
እኔ ጣራ ጣራውን አያለሁ።