ግልባጭ

ብራንደን፣ ማኒቶባ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
የጉድጓዱን ክዳን ውርጭ ቆልፎታል፣ እንደ ልማድ።
አብራም ፍሪሰን በመዶሻ ዙሪያውን ይመታል፤
የኔ ጠርሙስ በገመድ ታስሮ ተራውን ይጠብቃል።

ይከፈታል። ሽቅብ ይወጣል የከተማው ትንፋሽ፤
ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ የለቀቀው ፍሳሽ፣
የሥጋ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ፣ የሆኪው ሜዳ፣ የአረጋውያን ቤት፣
በአንድ ቱቦ፣ ያለ ስም፣ ያለ መታወቂያ፣ ያለ ሐሜት።

ሥራችን ይኸው ነው፦
ሳሉ ሳይሰማ ቫይረሱን መስማት፣
ማን ታመመ ሳይሆን ስንት ታመመ ብሎ መገመት።

የአብራም ጢም ነጥቷል፤ ዕድሜ አይደለም፣ ውርጭ ነው።
«ክትባቱ» ይለኛል፣ «አዲሱን ዝርያ የወለደው እሱ ነው፤
በር ስትዘጉበት ነው መስኮት የለመደው።»
ሠላሳ አንድ ዲግሪ ብርድ ክርክር አይወድም፤
ዝም አልኩት። ሆዴ ግን ዝም አላለም።

አጎቴ ዕንባቆም ብራና ጸሐፊ ነበር።
አንድ ምሽት፣ ኩራዙ ሲደክም፣ ዓይኑ ሲደናገር፣
«ሞቀ» ብሎ ሊጽፍ «ሞተ» ብሎ ጻፈ፤
አንዲት ፊደል ስታ፣ ስንቱ ነገር ዐለፈ!
እሱስ ሲነጋ አይቶ በምላጩ ይፍቃል፤
ይሄኛው ጸሐፊ ግን ይገለብጣል፣ ይገለብጣል፣
ከጉሮሮ ጉሮሮ፣ ከሳንባ ወደ ሳንባ፤
ሺህ ጊዜ ስቶ ሺው ከንቱ፤ አንዷ ስሕተት ግን ቀንቷት ትገባ።

ክትባት ለዚህ ጸሐፊ ብራና መንሣት ነው።
ግንብ አይደለም፤ ወንፊት ነው፣ የሚያልፍ አለው፤
የተከተበም ያስላል፣ የተከተበም ያስነጥሳል፤
ግን ሳምንት ሊከርም የመጣው እንግዳ በሁለት ቀኑ ይባረራል፤
ለጎረቤት ካሰበው ቁና እፍኙን ብቻ ያደርሳል።
አብራምም ጨርሶ አልሳተም፦
በሩ ሲጠብ የሚያልፈው ቀጭኑ ነው፣ አልክድም፤
ግን ቀጭኑ እንዲወለድ
ስንት መወለድ ነበረበት? ይሄንን አይቆጥርም።

የካቲት ላይ ከማጣሪያው ጣቢያ አንዲት እንግዳ ተገኘች፤
ሃያ ስድስት ፊደሏ የተለወጠ፣ ከማንም ጋራ ያልተዛመደች።
ሽቅብ ተከተልናት። ከዋናው ቱቦ ወደ ቅርንጫፉ፣
ከቅርንጫፉ ወደ ጠባቡ፤ ጉድጓዶቹ አንድ ባንድ አለፉ፤
እዚህ አለች፣ እዚያ የለችም፤ ግራ የለችም፣ ቀኝ አለች፤
በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሪችመንድ ጎዳና ጀርባ፣
አንድ ሕንጻ ሥር ቆመች።

ዐሥራ ሁለት መስኮት። አንዱ ብቻ ሌሊቱን መብራት።
መገመት ኃጢአት ነው በኛ ሥራ፤ እኔ ግን ገመትኩት፦
ኩላሊት የተተከለለት፣ ወይ መቅኔው የታመመ፤
መርፌውን ሦስቴ ተቀብሎ ደሙ «አቤት» ሳይል የከረመ።
ጸሐፊው እሱ ዘንድ ገብቶ፣ አባራሪ አጥቶ፣
ወራት ተቀምጧል ብራናውን ዘርግቶ።

ወዲያ ማዶ ግን የለችም። ከጎኑ ያሉት ቤቶች፣
ደረጃው ላይ ጨው የሚበትኑለት ጎረቤቶች፣
የተከተቡ ይሁኑ፣ ታመው የዳኑ፣ እኔ አላውቅም፤
አንዷ እንኳ ግልባጭ ከደጃፉ ርቃ አልሄደችም።

ጠርሙሱ ላይ ቀኑን ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ፤
የቤቱን ቁጥር፣ አውቄ፣ ዘለልኩ።

አብራም መዶሻውን አላነሣም፤
ቀና ብሎ መብራቱን አየ፤ ምንም አላለም።
ከዚያ ተንበርክኮ፣ ያን ሁሉ ብረት በሁለት እጁ
አወረደው፣ ድምፅ እንዳያሰማ፣ ቀስ፣ ቀስ፣
እንደ ብርድ ልብስ።