ጠቅ

እሪ በከንቱ ቁልቁለት፣ ከድልድዩ በላይ፣
ቆርቆሮ በቆርቆሮ፣ ኑሮ በኑሮ ላይ፣
የእትዬ ዘርፈሽዋል ጓሮ አለ፤ ሦስት የቡታጋዝ ምድጃ፣
ተከራይዋ እኔ፣ ኤሌክትሪሺያን ነኝ ባይ፣ ያለ ማስረጃ።
የሁለት ወር ኪራይ አለብኝ፤ ስንገናኝ አያለሁ መሬት፤
እሷም እንዳላየ ታልፋለች፣ ይዛ የብቅሉን ወንፊት።

ሰው አረቄን ቀምሶ ያውቃል፤ እሷ አሽትታ ነበር፤
ድፍድፉ ሊያር ሲል ይደርሳታል፣ ከጓሮ እስከ በር።
“ቀንሰው!” ትለኛለች ከጓዳ፣ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳታነሳ፤
ጌሾው ሲበረታ ታውቃለች፣ ሲኮመጥጥ ዳጉሳ።
አምና ግን ያ ጉንፋን ያልነው ጉንፋን መጣና ሄደ፣
ሲሄድ አፍንጫዋን ይዞ ነጎደ።
በርበሬ ቢቆላ፣ አይጥ ቢሞት ከቁምሳጥን ጀርባ፣
ሁሉም አንድ ነው ለእሷ፤ የፕላስቲክ አበባ።

አንድ ማታ ነፋስ መጥቶ የመሃሉን እሳት አጠፋ፤
ጋዙ እስስስ ይላል፣ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ጌሾ ስትነፋ።
ከሥራ ስገባ ገና በሩ ላይ ሸተተኝ፤
ሮጬ ዘጋሁት። “ምን ሆነሃል?” አለችኝ።
ነገርኳት።
ዝም አለች። ክብሪቷን ከጉያዋ አወጣች፣
አየቻት፣ መልሳ አየቻት፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

በማግስቱ ምናለሽ ተራ፤ ከፈረሰ ሆቴል ወጥ ቤት
ሦስት የጋዝ ቫልቭ አገኘሁ፣ አንዱን ዝገት የበላበት።
ሻጩ “ለምንህ ነው?” ሲለኝ፣ “ለአፍንጫ” አልኩት፤
ሳቀና መቶ ብር ቀነሰ፤ ሐሳቡን ሳይለውጥ ወሰድኩት።
ሙቀት መለኪያ፣ ሽቦ፣ ፊውዝ፣ የብልጭታ መስጫ፣
‘ነበልባል አለህ ወይ?’ የምትል ዘንግ፤ ይኸው የብረት አፍንጫ።
ድፍድፉ ከልኩ ሲያልፍ እሳቱ ይተኛል፤
ሲቀዘቅዝ፣ ጠቅ፣ ይነሳል፤
ነበልባል ከጠፋ እስከ አምስት ቆጥሮ ጋዙን ይዘጋል፣
ከዚያ እሪ ይላል።

እትዬ ዘርፈሽዋል ሳጥኑን ዞራ አየችው፣ እንደ ገበያ በቅሎ፤
“አይጠጣም? አያንቀላፋም? ይሞከር እንግዲህ” አለች፣ “ምን ጎድሎ!”
“እሪ ይላል? እዚህ?” አለ አቶ ደመላሽ፣ ከአጥሩ ማዶ፤
“የሰፈሩን ስም አልነገሩህም? ስንቱ ጮኾ ቀረ ባዶ!”

ሐሙስ ሌሊት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ዳግሙ ጠብ ጠብ ሲል፣
መብራት ሄደ።
ከፒያሳ እስከ እኛ አንድም አምፖል የለም፤
ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ጸጥ አለ ዓለም።
ቫልቩ መብራት ከሌለ አይከፍትም፤ ስሪቱ ነው፤
ሲጨልም እጁን ይሰበስባል፣ እንደ ጨዋ ሰው።
እኔ ባትሪ ፍለጋ ግድግዳውን ስዳብስ፣
እሷ ቀድማኝ ቆማለች፣ ነጠላዋን ሳትለብስ።
“ሸተተኝ” አለች። “ምኑ?” አልኳት። “መዘጋቱ።
በዚህ በኩል” — ጆሮዋን ነካች — “አንድ ባንድ፣ ሦስቱ።”

“ክብሪቴን” አለች። “አይሆንም” አልኳት። ተቀመጥን ሁለታችን፣
ጨለማ፣ ዝናብ፣ የሚበርድ ድፍድፍ መሃላችን።
ሊነጋጋ ሲል መብራት መጣ፤ ሁለቱ ምድጃ ተቀጣጠሉ፤
ያ ዝገት የበላው እምቢ አለና እሪ አለ፣ ለሰፈሩ በሙሉ።

አቶ ደመላሽ በቁምጣ፣ እርጥብ ጆንያ ይዞ፣
አጥሩን ጥሶ ገባ፣ አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ተይዞ።
እሳት ፈልጎ አጣ። ቆመ። ጆንያው ይንጠባጠባል።
እትዬ ዘርፈሽዋል መለኪያ ቀዳች፤ “ጠጣ፣ ይበርድሃል።”

ከዚያ ወዲህ ስለ ኪራይ አላነሳችም፤ እኔም ዝም።
ዝገታሙን ቫልቭ ለወጥኩት፤ አቶ ደመላሽ አጥሩን ገና አልጠገነም።
ክብሪቷ አሁንም ኪሴ ውስጥ ናት፤ ሳላውቅ ስትንኳኳ፣
ከጓዳ ትጮሃለች፦
“ማነህ አንተ! ሸተተኝ እኮ!”