ቃል የጠፋበት ንጉሥ

የዊኒፔግ ፀሐይ በሐምሌ አትቸኩልም፤
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ገና አልጠለቀችም።
ከወንዙ ወዲያ ማዶ፣ ዛፍ ላይ ተደግፋ፣
ቦታ የያዘች ትመስላለች፣ ቀድማን ተሰልፋ።

መግቢያው በነጻ ነው፤ የለም አጥሩ፣ በሩ፤
ትኬት ቆራጮቹ ቢንቢዎች ነበሩ፤
ክንድ ሁሉ እየዳሰሱ፣ ማንንም ሳይምሩ፣
ሒሳቡን በጠብታ፣ በደም የሚቆጥሩ።

መድረኩ የጭነት መኪና ጀርባ ነው፤
መጋረጃው አንሶላ፣ አበባ ያለው።
ዙፋኑ የፀጉር ቤት ተሽከርካሪ ወንበር፣
ዘውዱ የተጠበሰ ዶሮ መያዣ ነበር፤
ካርቶኑን ገልብጠው፣ በወርቅ ቀለም ነክረው፤
ወርቁን ገለጥ ቢያደርጉት፣ ሰሙ የዶሮ ስብ ነው።

ታሪኩ ጥንት ነው፦ ንጉሡን ነሐስ አማረው፤
ያገሩን ደወል ሁሉ አስወርዶ አቀለጠው፤
በቁመቱ ልክ አድርጎ ሐውልት አሠራበት፤
ጠላት የመጣ ለት የሚደወል ጠፋበት፤
ልጁ በር ላይ ወደቀች፣ ማንም ሳይነግራት።

ከጎኔ ሃልዶራ፣ የድሮ አስተማሪ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህ ድርሰት ዘርዛሪ፤
ተጣጣፊ ወንበር፣ ጭናቸው ላይ መጽሐፍ፣
እርሳሳቸው ተቀርጾ፣ ሾሎ እንደ መርፌ ጫፍ፤
ስሕተት ሊለቅሙ ነው የመጡት፣
እንደ ምስር ጠጠር።
እኔ የሌሊት ጋጋሪ ነኝ፤ ፈረቃዬ አምስት ሰዓት፤
ጊዜ ልግደል ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።

አምስት ልጆች ወጡ፣ የሆኪ ማሊያ ለብሰው፣
የሕዝቡን ሙሾ በራፕ ቀጥቅጠው፤
ንግሥቲቱ ኀዘኗን በካራኦኬ አወረደች፣
(ሉዝቪሚንዳ ናት፤ ቀን ነርስ፣ ማታ ንግሥት የሆነች)።
ነቢዩ ትንቢቱን ከፒዛ ጋር አደረሰ፤
«መዓቱ ከዘገየ ሒሳብ የለም» አለና ተመለሰ።
ሃልዶራ ሰረዙ። ጻፉ። ደግሞ ሰረዙ።
«ይሄ የለም» አሉኝ፤ ከንፈራቸው እንደ ተያዘ ስፌት።

ከዚያ መልእክተኛው ገባ፣ በስኩተር፣ ላብ አጥምቆት፦
«ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ አይነሣም፣ ጌታዬ፤
ደወል በሌለበት አገር በምን ልድረስ ደውዬ?»

ሳቅን።
ሳቁ ግን እታች ሳይደርስ
ጉሮሮ ላይ ቆመ።

ንጉሡ ኦሬስት ነው፤ ያርባ ሰባት ቁጥር
አውቶቡስ ሾፌር፤ ሌላ ጊዜ
ቃል የማይተነፍስ፣ ዝም ብሎ የሚያሽከረክር።
ለልጁ ሊያለቅስላት ጉልበቱን ሲያጥፍ
አንዲት ዝይ ከወንዙ ወጣች፣ ስድስት ልጆቿን መርታ፤
በሟቿ ፊት አለፈች፣ ደረቷን ነፍታ።
ኦሬስት አያት። ቆጠረ።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ቃሉ ከአፉ በረረ።

ዝምታው ረዘመ። ከኋላ አንድ ሕፃን
ቺፕሱን መቆርጠም ተወ።
ዘውዱ ወደ ቅንድቡ ተንሸራተተ፤ አላቃናውም።

ያን ጊዜ ከጎኔ፣ መጽሐፉን ሳያዩ፣
ሃልዶራ ከሣሩ ላይ፣ ድምፃቸው እየሻከረ፦
«ድምፅ አቅልጬ ነው ነሐስ የሆንኩ፣ ልጄ፤
አፍ ያለው ሐውልት ሠራሁ፣ የማይጠራሽ፣ በእጄ።»

ፌርማታ ላይ ደወል እንደሰማ ሾፌር
ኦሬስት ቀና አለ፤ አያቸው፤ ተቀበለ።
አንዱን ስንኝ እሱ፣ አንዱን እሳቸው፣
እሱ ከመኪናው ላይ፣ እሳቸው ከወንበራቸው፤
መጽሐፉ ከጭናቸው ተንሸራቶ ወደቀ፤
ማን ያንሣው? ቢንቢ እንኳ ያረፈበትን ረሳ
መሰለኝ፤ እኔ ግን የተበላሁት በኋላ ነው ያሳከከኝ።

ሲያልቅ ዘውዱ ተገልብጦ ለሳንቲም ዞረ፤
ከታቹ አሁንም የዶሮ ሽታ ነበረ።
ሃልዶራ አምስት ዶላር ጣሉ። ትንሽ አሰቡና
እርሳሱንም ጨመሩ።
«ነቢዩ ግን» አሉኝ፣ «ፒዛው ቀዝቅዞ ነበር።»
ሳቁ፤ ሲስቁ ያየሁት ገና ያኔ ነበር።

ፀሐይ ጠለቀች። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ፤
አለቃዬ ናት፦ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ የት ነሽ ልትል።
ላጠፋው ስል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ፦
«አንሺው እንጂ፣ ልጄ፤
ደወል አይናቅም።»