ግልባጭ የሌለው

ከጥቁር አንበሳ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ቤት ውስጥ፣
ሐምሌ ጣራ ሲወቅጥ፣
አንድ ዘረመል አነባለሁ፤
ስሙን እንደ ታክሲ ታርጋ በፊደል በቁጥር አውቀዋለሁ።
ሥራው «ተው» ማለት ነው።
ፕሮቲኑ በዚንክ ጣቱ፣ አንዷን ገጽ ከመዝገቡ
ቆንጥጦ ይዞ ይቆማል፣ ቀጂዎች እንዳይቀርቡ።
ሌላው ሁሉ ይቀዳ፣
እሷ ግን ተከድና ትደር፣ እንዳልተገለጠ ዕዳ።

አባቴ ትዝ አለኝ። ከቸርችል ዳገት አናት፣
የማዘጋጃ ቤት ታይፒስት፣ ካርቦን ያጠቆረው ጣት፣
ልሳነወርቅ ተብሎ፣ ቃል ከአፉ የማይወጣ።
ለእሱ፣ አንድ የጥቅምት ማታ፣ የስም ዝርዝር መጣ።
«በአምስት ግልባጭ፣ ለነገ!»
አነበበው። የሰፈር ልጆች። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፤
«ሪባን የለም» አለ።
በማግሥቱም የለም። በሳልስቱም የለም።
ወንበሩን ነጠቁት።
ከዚያ በላይ አላውቅም።

እናቴ «ሰነፍ» ስትለው፣ እኔም አምኜ አደግሁ፤
ምንም ካልሠራ ሰው ምን ታሪክ እጠብቃለሁ?

ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ ልጅ ደም አለ፣
ያ ዘረመል የተሰበረበት።
«ተው» ባይ ያጣው ሕዋስ ራሱን ገለበጠ፣
ደግሞ ገለበጠ፣
ደግሞ —
ስክሪኑን አጠፋሁት።

ማታ ሰባ ደረጃን ስወጣ፣
ጃንጥላው የተቀደደ ሽማግሌ ጥግ ይዞ አሳለፈኝ፤
«የልሳነወርቅ ልጅ» አለኝ።
ባርኔጣውን አነሳ፤ ዝናቡ ሽበቱን መታው።
ስሙን አልነገረኝም።
እኔም አልጠየቅሁት።