ከመቶ ሠላሳ

ደሴ ላይ፣ ከጦሳ የሚወርድ ጉም ፈቃድ አይጠይቅም፤
በተሰነጠቀው መስታወት ገብቶ እኛ ጋ ቢያድር ማንም አይደነቅም።
ሌሊት ስምንት ሰዓት። አልጋ ቁጥር አራት።
ማሽኑ ይተነፍሳል፤ ሰውየው ተኝቷል በማሽኑ ምሕረት።

ይማም ሙሄ ይባላል፤ ዓሣ አጥማጅ፣ የሐይቅ ልጅ፣
መረብ የላጠው፣ ውሃ ግን ያላሸነፈው እጅ።
አሁን ውሃው ከውስጥ መጣበት። በሁለቱም ሳንባ
ያለ ነፋስ፣ ያለ ማዕበል፣ ሰተት ብሎ ገባ።
በሆዱ ገለበጥነው፤ አራት ሰው በአንድ አንሶላ ስቦ፣
ዳር ላይ እንደተደፋ ጀልባ ጀርባው ታየ፣ በላብ ረጥቦ።

ኪሴ ውስጥ ወረቀት አለ፣ አራት ላይ የታጠፈ፣
ከማላውቃቸው ሺህ ሰዎች ትንፋሽ ተሰልቶ የተጻፈ።
ዕድሜው? ነጥብ። ኩላሊቱ? ነጥብ። በማሽን የዋለበት ቀን?
ከሚገባው ኦክስጅን ደሙ የያዘው መጠን?
ደመርኩ። ሠረዝኩ። ደግሜ ደመርኩ፣
ሁለተኛውም ያው ሆነ፤ ስህተት መፈለጌን ተውኩ።

ከመቶ ሠላሳ።

በር ላይ አባቱ አሉ፤ አያ ሙሄ፣ የገበያ እህል ሰፋሪ፣
በቁናቸው የሚምልላቸው ሻጩም ተበዳሪ።
ስልክ ይዘዋል። የቅሬው ዳኛ ነው የደወለው፤
"ድንኳኑን እናውጣ? መኪና እንያዝ ወይስ እንቆይ?" ነው የሚለው።
ክፋት የለበትም። መንገዱ ጨለማ፣ ናፍጣው ተወዷል፤
ሰው ለመቅበርም ለመጠበቅም፣ ቀድሞ ማወቅ ይወዳል።

"ልጄ፣ የምታውቂውን አትደብቂኝ" አሉ።
"እንደሱ ካሉ መቶ ሰዎች" አልኩ፣ "ሠላሳው ይነሣሉ።"
ዝም አሉ። በመዳፋቸው የሌለ ቁና አፍ አስተካከሉ።

"መቶ ሰው አልሽኝ፤ ይሁን። እኔ ያመጣሁት አንድ።
አንዱ እንዴት ብሎ ሠላሳ ይሆናል? እንዴትስ ሰባ ይሆናል በግድ?
ሰፋሪ ነኝ፤ ቁና ሙሉ ጤፍ ስንት እንደሚመዝን አውቃለሁ፤
አንዷ ፍሬ ትበቅል አትበቅል ግን፣ ለአላህ ትቼዋለሁ።"

መልስ ሳልሰጥ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ
የጎማውን ፊኛ በእጄ ጨመቅኩ፤ አንድ... ሁለት... ሦስት... ሠላሳ።
ያን ጊዜ ቁጥር ማለት ወረቀት አልነበረም፤
አንድ ትንፋሽ ነው፤ ከሚቀጥለው ጋር አይደመርም።
አያ ሙሄ በጨለማው "አብሽሪ፣ አብሽሪ" ይሉኛል፤
ማን ማንን ያጽናና እንደነበር አሁንም ይጠፋኛል።

አልጋ ሁለት ላይ እማማ ትጓደድ ነበሩ፣ የወረኢሉ ሰው፤
ወረቀቱ ሰባ አምስት ሰጥቶ ፈገግ ያለላቸው።
ሐሙስ ንጋት ላይ አረፉ። ልጃቸው ነጠላዋን ዘቅዝቃ
"ይሻላቸዋል አላላችሁም?" አለች፤ ሳታለቅስ፣ ዓይኔን ጠብቃ።
ወረቀቱ አልዋሸም። ሃያ አምስት እንደሚቀሩ ተናግሯል፤
ስማቸውን ብቻ ሳይጽፍ፣ የስሙን ቦታ ክፍት ትቷል።

አሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ የይማም ቱቦ ወጣ።
ሳለ፤ ደግሞ ሳለ፤ ድምፁ ዝገት እየፋቀ መጣ፤
"ጀልባዬን ማን አሰረ?"
ስለ ሞት አልጠየቀም፤ ስለ እኛም፤ ስለ ራሱም።
"ጀማል አስሮታል፤ አትድከም" አሉት። አላለቀሱም፣ አልሳቁም።
ከዚያ ኮሪደሩ ጥግ ቆመው፣ ስልኩን በሁለት እጅ ይዘው፣
"ድንኳኑን መልሱት" ሲሉ ሰማሁ፤ ግድግዳውን ተደግፈው።

ወረቀቱን አልቀደድኩም። አልጋ አራት ባዶ አያድርም፤
ዛሬም ደምሬያለሁ፤ ሳይደምሩ መገመት ከዚህ አይሻልም።
ከድምሩ በፊት ግን ቤተሰቡን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦
ቢነቃ መጀመሪያ ስለ ምን ይጠይቃል?
ሰንጠረዡ ላይ ቦታ የለውም። ጠርዙ ላይ እጽፈዋለሁ።
የዛሬው፦
"የወፍጮ ቤቱ ቁልፍ"።